ከፖቶማክ ወዲህና ወዲያ፦ የቤት ኪራይ ጭማሪን የሚገድበው ማን ነው?

በጁላይ 2023 የሞንጎምሪ ካውንቲ ምክር ቤት አከራዮች በዓመት ከ6 በመቶ በላይ ኪራይ እንዳይጨምሩ የሚከለክል ሕግ በ7 ለ4 ድምፅ አጸደቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተንና ጀርመንታውን የሚገኙት በዚህ የሜሪላንድ ካውንቲ ውስጥ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል በምትርቀው፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ባለችው የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ግን የከተማዋ ምክር ቤት እንዲህ ያለ ሕግ ማጽደቅ አይችልም፤ አባላቱ በሙሉ ቢስማሙ እንኳ አይችልም። በሁለቱም ቦታ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ በሁለቱም ቦታ የሊዝ (የኪራይ ውል) ማደሻው ደብዳቤ በደረሰ ቁጥር ባልና ሚስት ተቀምጠው ሒሳብ ይሠራሉ።

ልዩነቱ የመጣው አንዱ ምክር ቤት ለተከራይ ስላዘነ፣ ሌላው ስለጨከነ አይደለም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሥራቸው ላሉት ከተሞችና ካውንቲዎች የሰጡት ሥልጣን ስለሚለያይ ነው። ኪራይ ሲወደድ በየካፌው የሚነሣው ስም የፕሬዚዳንቱ ነው፤ ጉዳዩ የሚወሰነው ግን በሜሪላንድ ዋና ከተማ በአናፖሊስ፣ በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድና በሞንጎምሪ ካውንቲ መቀመጫ በሮክቪል፣ አብዛኞቻችን ስማቸውን እንኳ በማናውቃቸው ተመራጮች ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

«የኪራይ ጣሪያ» ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ጣሪያ ሲባል ኪራዩ ባለበት እንዲቆም የታዘዘ ይመስለዋል። በሞንጎምሪ የወጣው ሕግ እንዲህ አያደርግም፤ የሚገድበው ኪራዩን ሳይሆን ጭማሪውን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአካባቢው የተመዘገበው የዓመቱ የዋጋ ንረት ይወሰድና 3 በመቶ ይታከልበታል፤ ድምሩ ከ6 በመቶ ካለፈ ግን እዚያው 6 ላይ ይቆማል። የዋጋ ንረቱ 2.7 በመቶ በሆነበት ዓመት አከራዩ ሊጨምር የሚችለው እስከ 5.7 በመቶ ነው። በወር 1,900 ዶላር የሚከፍል ተከራይ በዚህ ስሌት የሚጨመርበት ቢበዛ 108 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይሆናል። ጣሪያ በሌለበት ቦታ አከራዩ 20 በመቶ ለመጨመር ቢወስን ያው ተከራይ በወር 380 ዶላር ተጨማሪ ይጠየቃል፤ ያለው ምርጫም መክፈል ወይም ዕቃውን ጠቅልሎ መውጣት ብቻ ነው።

ሕጉ ሁሉንም ቤት አይመለከትም። አዲስ የተሠራ ሕንፃ ለ23 ዓመት ከጣሪያው ነጻ ነው። በካውንቲው ውስጥ ከሁለት የማይበልጡ የኪራይ ቤቶች ያሉት ግለሰብም ነጻ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ኮንዶ ገዝቶ የሚያከራይ የአገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ ሕጉ አይነካውም። ጣሪያው የሚነካው አከራይም ቢሆን በተፈቀደው ጭማሪ ተገቢ ገቢ እንደማያገኝ፣ ወይም ለሕንፃው ትልቅ እድሳት እንዳደረገ በማስረጃ ካሳየ ከጣሪያው በላይ እንዲጨምር ለካውንቲው ማመልከት ይችላል።

እዚህ ላይ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ሊያሳስተን ይችላል። በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የፌዴራል አዋጅ ነው፤ ያንን የተከታተለ ሰው በአሜሪካም ኮንግረስ አንድ ቀን ተመሳሳይ ሕግ ያወጣል ብሎ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በአሜሪካ ግን የፌዴራሉ መንግሥት በግል አከራዮች ኪራይ ላይ እጁን ያስገባው እንደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሉ ልዩ ጊዜያት ነው። በአከራይና በተከራይ መካከል ያለው ግንኙነት በመደበኛው ጊዜ የየግዛቱ ጉዳይ ነው። ከ30 በላይ የሚሆኑት ግዛቶችም ከተሞቻቸው የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጡ ከልክለዋል።

አሌክሳንድሪያ ለምን አትችልም?

መልሱን ለማግኘት ወደ 1868፣ ወደ አዮዋ ግዛት መሄድ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ጆን ፎረስት ዲለን የተባለ ዳኛ በአንዲት ከተማና በአንድ የባቡር ኩባንያ መካከል የተነሣን ክርክር ሲዳኝ፣ ከተማ የግዛቱ ሕግ አውጪ ፍጥረት እንደሆነና ሕልውናዋም ሥልጣኗም ከእርሱ እንደሚመነጭ ጻፈ። ከዚህ ሐሳብ የወጣውና «የዲለን ደንብ» የሚባለው መርሕ እንዲህ ይላል፦ ከተማ ማድረግ የምትችለው ግዛቱ በግልጽ የፈቀደላትን፣ ወይም ከተፈቀደው ጋር የግድ ተያይዞ የሚመጣውን ብቻ ነው፤ ጥርጣሬ ከተነሣም ፍርዱ በከተማዋ ላይ ይሆናል። የቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች ይህን መርሕ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ እስከ ዛሬ አጥብቀው ይከተላሉ።

አገር ቤት ላለ ዘመዱ ውክልና ልኮ የሚያውቅ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወረቀቱ ላይ «ቤቱን እንዲያከራይልኝ» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ተወካዩ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን፣ ገበያውም የቱንም ያህል ቢመች፣ ቤቱን መሸጥ አይችልም፤ አዲስ ውክልና እስኪላክለት መጠበቅ አለበት። የቨርጂኒያ ከተሞች ያሉት በዚህ ተወካይ ቦታ ነው። ወረቀቱን የሚጽፈው ሪችመንድ ያለው የግዛቱ ሕግ አውጪ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ ስለ ኪራይ ጣሪያ የተጻፈ ነገር የለም።

የዚህን አሠራር ጥብቅነት ከማንኛውም ትልቅ ክርክር በላይ የሚያሳየው የፌስታል ታሪክ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ሱቆች በሚሰጡት ፌስታል ላይ 5 ሳንቲም ማስከፈል የጀመረችው በጃንዋሪ 2010 ነው። ሞንጎምሪ ካውንቲ በራሱ ውሳኔ በጃንዋሪ 2012 ተከተላት። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተንና ፌርፋክስ ያንኑ 5 ሳንቲም ማስከፈል የቻሉት በጃንዋሪ 2022 ነው፤ ምክንያቱም የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ፈቃዱን የሰጠው በ2020 ስለነበር። ፖቶማክን ለመሻገር ለአንድ ፌስታል 12 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

ዝቅተኛ ደመወዝም እንዲሁ ነው። በ2025 በአንድ ዓይነት ሥራ ላይ ያለ ሰው በሕግ የተወሰነለት ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከጁላይ ጀምሮ በዲሲ 17 ዶላር ከ95፣ በሞንጎምሪ ትልልቅ ድርጅቶች 17 ዶላር ከ65 ሲሆን፣ በቨርጂኒያ 12 ዶላር ከ41 ሳንቲም ነበር። ሞንጎምሪ ከሜሪላንድ ዝቅተኛ ክፍያ በላይ የራሱን ማስቀመጥ ይችላል። አሌክሳንድሪያ፣ ኑሮዋ ከዲሲ እምብዛም ሳይለይ፣ ከቨርጂኒያ ገጠር ጋር በአንድ መለኪያ ትሰፈራለች።

ፌስታልም ደመወዝም የገንዘብ ጉዳይ ናቸው ከተባለ የሻርለትስቪል ሐውልት አለ። የከተማዋ ምክር ቤት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጦር መሪ የሮበርት ሊን ሐውልት ለማንሣት በ2017 ወሰነ፤ ነገር ግን የጦርነት መታሰቢያዎችን ከተሞች እንዳያነሡ የሚከለክል የግዛት ሕግ ስለነበር ሐውልቱ ባለበት ቆየ። በዚያው ዓመት ኦገስት የነጭ የበላይነት አራማጆች ሐውልቱን ሰበብ አድርገው ተሰብስበው ደም ፈሰሰ። ግዛቱ ሕጉን የቀየረው በ2020 ሲሆን፣ ሐውልቱ የተነሣው በጁላይ 2021 ነው።

በኪራይ ጉዳይ ይህ ሁሉ ምን እንደሚያስከትል ለማየት የሚቀርበን ሳውዘርን ታወርስ ነው። በአሌክሳንድሪያ ምዕራብ ያለው ይህ ባለ አምስት ሕንፃ መኖሪያ ከ2,000 በላይ አፓርታማዎች ያሉት ሲሆን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች አፍሪካውያን ቤተሰቦች ለዓመታት ኖረውበታል። በ2020፣ ወረርሽኙ የብዙውን ሰው ሥራ ባቋረጠበት ወቅት፣ ሕንፃው ለአዲስ ባለቤት ተሸጠ። ተከራዮቹ ተደራጅተው ስለ ኪራይ ጭማሪ፣ ስለ ጥገናና ከቤት ስለማስለቀቅ ክስ ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ የከተማዋ ሹማምንት ሊያዳምጡ፣ የኪራይ ድጋፍ ሊያፈላልጉ፣ አከራዩን ሊያነጋግሩ ይችሉ ነበር። «ከዚህ በላይ አትጨምርም» ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ግን አልነበራቸውም።

ያላቸውን ሥልጣን አልተጠቀሙበትም ማለት ግን አይደለም። አሌክሳንድሪያ በኖቬምበር 2023 በከተማዋ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ ብቻ ተከልሎ የኖረውን ቦታ ለብዙ ቤተሰብ መኖሪያም ከፍታለች። ምን ዓይነት ቤት የት እንደሚሠራ መወሰን በወረቀቱ ላይ አለ።

ሪችመንድ እንዲፈቅድ ተጠይቆ ያውቃል ወይ?

አዎን። ካውንቲዎችና ከተሞች በየዓመቱ «ይህን ይህን ፍቀዱልን» የሚል የጥያቄ ዝርዝር ለሕግ አውጪው ያቀርባሉ፤ በ2023 እና በ2024 ደግሞ ከተሞች የኪራይ ጭማሪን መገደብ እንዲችሉ የሚፈቅዱ ረቂቅ ሕጎች ቀርበው ነበር። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ረቂቆቹ በቨርጂኒያ ጣሪያ ለመጣል የተጻፉ አለመሆናቸው ነው። የሚጠይቁት እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ምክር ቤት ተከራክሮ እንዲወስን ነው፤ ጣሪያ የማይፈልግ ካውንቲ ምንም አይገደድም ነበር። ሁለቱም ሕግ ሳይሆኑ ቀሩ።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ በአጭሩ ሲቀመጥ፣ በየከተማው የተለያየ ደንብ ካለ በብዙ ከተሞች ለሚሠራ ባለሀብት አስቸጋሪ ይሆናል፣ ጣሪያም አዲስ ቤት እንዳይሠራ ያደርጋል የሚል ነው። ሁለተኛው ነጥብ ክብደት ያለው ስለሆነ ከታች እመለስበታለሁ። የመጀመሪያው ግን ብዙ የሚያስኬድ አይመስለኝም። የንብረት ታክስ፣ የግንባታ ቦታ ምደባና የመኪና ማቆሚያ ደንብ ዛሬም በየከተማው ይለያያሉ፤ ባለሀብቶችም ይህን ችለው ይሠራሉ። መለያየት ችግር የሚሆነው የተከራይ መብት ሲነሣ ብቻ መሆኑ ያስገርማል።

ሞንጎምሪስ ሥልጣኑን ከየት አመጣው?

ሜሪላንድ በ1915 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ካውንቲዎች የራሳቸውን መተዳደሪያ ቻርተር ጽፈው በሕዝብ ድምፅ እንዲያጸድቁ ፈቀደች። ቻርተር ያጸደቀ ካውንቲ፣ ከግዛቱ ሕግ ጋር እስካልተጋጨ ድረስ፣ ለነዋሪው ይበጃል ያለውን ሕግ በአብዛኛው ማውጣት ይችላል፤ ይህ «ሆም ሩል» ይባላል። ሞንጎምሪ በ1948 ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ሁሉ ቀድሞ ቻርተር አጸደቀ።

ሥልጣን መኖሩ ግን ሕግ ወጣ ማለት አይደለም። በካውንቲው ውስጥ ያለችው ትንሿ ታኮማ ፓርክ ከ1981 ጀምሮ የራሷ የኪራይ ጣሪያ ሲኖራት፣ ካውንቲው ራሱ ለአርባ ዓመት ያህል ሳያወጣ ኖረ። ነገሩን የቀሰቀሰው ወረርሽኙ ነው። ካውንቲው በ2020 ጊዜያዊ ገደብ አወጣ፤ ገደቡ በ2022 ሲያበቃ ተከራዮች ከጠበቁት በላይ የሆኑ የጭማሪ ደብዳቤዎች ይዘው ምክር ቤቱ ፊት ቀረቡ። ከዚያ ሁለት ረቂቆች መጡ። አንደኛው፣ የምክር ቤቱ አባላት ዊል ጃዋንዶና ክሪስቲን ሚንክ ያቀረቡት፣ ጭማሪው ከ3 በመቶ ወይም ከዋጋ ንረቱ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ እንዳይበልጥ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው እስከ 15 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ይፈቅድ ነበር። ከወራት ስብሰባና የሕዝብ ምስክርነት በኋላ 6 በመቶ ላይ ተስማሙ። ካውንቲ ኤክስኪውቲቩ (የካውንቲው አስተዳዳሪ) ማርክ ኤልሪች ፈረመበት፤ ዝርዝር መመሪያው ተጽፎ ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው በጁላይ 2024 ነው። ጎረቤቱ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ በ2023 ጊዜያዊ፣ በ2024 ደግሞ ቋሚ ጣሪያ አውጥቷል።

ሆም ሩልም ቢሆን ድንበር አለው፤ የተከራዮች ጥያቄ አሁንም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አከራይ ኪራይ መጨመር ሲከለከል ሊዙን ላለማደስ ሊወስን ይችላል፤ ተከራዩ ኪራዩን በወቅቱ የከፈለ፣ ቤቱን በደንብ የያዘ ቢሆንም እንኳ። «በቂ ምክንያት ሳይኖር አታስለቅቅ» የሚል ሕግ ለማውጣት ግን ካውንቲው ከአናፖሊስ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያንን ፈቃድ የሚሰጥ ረቂቅ በ2024 በሜሪላንድ የተወካዮች ምክር ቤት አልፎ ሴኔቱ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ተከራይ የጭማሪው ጥበቃ ከሮክቪል ሲመጣለት፣ ያለ ምክንያት ላለመውጣት የሚያስፈልገው ጥበቃ ደግሞ አናፖሊስ ውስጥ ተይዞበታል።

ዲሲ ግዛት ሳትሆን እንዴት ትችላለች?

ዲሲ ሥልጣኗን ያገኘችው ኮንግረስ በ1973 ካወጣው ሕግ ነው። ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን ራሷ ትመርጣለች፤ በብዙ ጉዳይ የከተማም የግዛትም ሥራ ትሠራለች። የኪራይ ጣሪያዋ በአካባቢው ካሉት ሁሉ የቆየ ነው፤ አሁን የሚሠራበት ሕግ የ1985 ሲሆን፣ የሚመለከተውም በአብዛኛው ከ1976 በፊት የተሠሩ ሕንፃዎችን ነው። መደበኛው ጭማሪ የዋጋ ንረቱ ላይ 2 በመቶ ተጨምሮበት ከ10 በመቶ ሳይበልጥ ይሰላል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ከዚያ ያነሰ ነው። በ2023 የዋጋ ንረቱ በመናሩ ስሌቱ 8.9 በመቶ ሲመጣ ምክር ቤቱ ወዲያው ወደ 6 በመቶ ዝቅ አደረገው። ከተማ በእጇ ያለውን ሥልጣን በፍጥነት ስትጠቀም ምን እንደሚመስል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ይሁን እንጂ ዲሲ ከላይዋ ያለው ሌላ የግዛት ሕግ አውጪ ሳይሆን ኮንግረስ ራሱ ነው። የከተማዋ ሕጎች ለኮንግረስ ግምገማ ይላካሉ፤ ኮንግረስ በ2023 የከተማዋን የወንጀል ሕግ ማሻሻያ ሽሮታል። በማርች 2025 ደግሞ የፌዴራል በጀት ሲራዘም የዲሲን ገንዘብ የሚመለከተው የተለመደው አንቀጽ ተትቶ ስለነበር፣ ከተማዋ ከራሷ ነዋሪ ከሰበሰበችው ገንዘብ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ያህሉን ማውጣት እንዳትችል ተደርጋ ነበር። ለእነዚህ ውሳኔዎች ድምፅ ከሰጡት የኮንግረስ አባላት መካከል በዲሲ ነዋሪ የተመረጠ አንድም የለም፤ የከተማዋ ተወካይ በምክር ቤቱ የመጨረሻ ድምፅ የመስጠት መብት የላትም።

ጣሪያ አዲስ ቤት እንዳይሠራ አያደርግም ወይ?

ይህ ጥያቄ መልስ የሚገባው ነው፤ ጣሪያን የሚደግፍ ሰውም ሊሸሸው አይገባም። በሚኒሶታ የሴይንት ፖል ነዋሪዎች በ2021 በሕዝብ ድምፅ የ3 በመቶ ጣሪያ አጸደቁ። ሕጉ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን ጭምር ያካትት ነበር፤ ቤት ሠሪዎች ወዲያው ዕቅዳቸውን አቆሙ፤ የግንባታ ፈቃድ ጥያቄም አሽቆለቆለ። ምክር ቤቱ በ2022 አዳዲስ ሕንፃዎችን ለ20 ዓመት ነጻ አደረገ፤ በ2025 ደግሞ ከ2004 ወዲህ የተሠሩትን ሁሉ ለዘለቄታው አወጣቸው።

በሳን ፍራንሲስኮ የሆነው ለየት ይላል። ከተማዋ በ1994 በሕዝብ ድምፅ ጣሪያውን ከ1980 በፊት ወደተሠሩ አነስተኛ ሕንፃዎች አሰፋች። የስታንፎርድ ኢኮኖሚስቶች በ2019 ባሳተሙት ጥናት ሁለት ነገር አገኙ። ጥበቃው የደረሳቸው ተከራዮች፣ በተለይም አረጋውያንና ረጅም ጊዜ የኖሩ ሰዎች፣ በቤታቸውና በከተማዋ የመቆየት ዕድላቸው ጨመረ። በሌላ በኩል ብዙ አከራዮች ሕንፃዎቻቸውን ወደ ኮንዶ ቀይረው ስለ ሸጡ ወይም አፍርሰው ስለ ሠሩ፣ በነዚያ ሕንፃዎች ለኪራይ የሚቀርበው ቤት በ15 በመቶ ቀነሰ፤ ይህም በከተማዋ በጠቅላላ ኪራይ እንዲንር አስተዋጽኦ አደረገ።

ጣሪያን የሚቃወሙ ሰዎች ሁለተኛውን ግኝት ብቻ፣ የሚደግፉ ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ይጠቅሳሉ። ጥናቱን በሙሉ ያነበበ ሰው ግን ከሁለቱም የተለየ ትምህርት ያገኛል፦ ጥበቃው ይሠራል፤ ክፍተት ከተተወ ግን አከራዩ በክፍተቱ ይወጣል። ወደ ኮንዶ መቀየርን የሚገድብ ደንብ፣ ለአዲስ ሕንፃ የሚሰጥ የተወሰነ ነጻነት፣ ከጣሪያው ጎን ለጎን የሚሄድ ሰፊ ግንባታ፣ እነዚህ ናቸው ውጤቱን የሚለያዩት። ሞንጎምሪ ያስቀመጠው የ23 ዓመት ነጻነት ከዚህ ትምህርት የተወሰደ ይመስላል። ቤት ሠሪዎች ግን አሁንም አልረኩም፤ አበዳሪ ባንኮችና ባለሀብቶች ጣሪያ ያለበትን ካውንቲ ትተው ወደ ፌርፋክስና ወደ ፍሬደሪክ ይሄዳሉ ይላሉ። የወለድ መጠንና የግንባታ ዕቃ ዋጋ በነዚሁ ዓመታት በሁሉም ቦታ ስለ ጨመረ፣ ከግንባታው መቀዛቀዝ ምን ያህሉ በጣሪያው የመጣ እንደሆነ ለይቶ ለማየት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ በቁጥር የማይገባ ነገርም አለ። አንድ ቤተሰብ በጭማሪ ምክንያት በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ቤት ሲቀይር ልጆቹ ትምህርት ቤት ይቀይራሉ፣ እናትየው በአውቶቡስ የምትደርስበት ሥራ ይርቃታል፣ ልጅ የምትይዝላት ጎረቤት ትቀራለች። አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ኪራይ ውሎ አድሮ ሊረጋጋ ይችላል፤ ቤተሰቡ ግን ደብዳቤው የሚጠይቀውን ገንዘብ መክፈል የሚጀምረው በሚቀጥለው ሁለት ወር ነው። ሁለቱ መፍትሔዎች የሚሠሩባቸው ጊዜያት የተለያዩ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ግዛቱ ራሱ ጣሪያ ማውጣት አይችልም ወይ?

ይችላል፤ ሲያትል ያሉ ወገኖቻችን የሚያውቁትም ይህንኑ ነው። የዋሽንግተን ግዛት ከ1981 ጀምሮ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ እንዳያወጡ ከልክሎ ኖሯል። በሜይ 2025 ግን ግዛቱ ራሱ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አወጣ፦ የዋጋ ንረቱ ላይ 7 በመቶ ተጨምሮ፣ ወይም 10 በመቶ፣ ከሁለቱ ያነሰው። ኦሪገንና ካሊፎርኒያ በ2019 ቀድመው ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ጣሪያው ከሞንጎምሪ ከፍ ያለ ነው፤ በምላሹ ግን ወንዝ ወይም የከተማ ድንበር የተሻገረ ሰው መብቱን አያጣም።

ይህን የሚወስኑ ሰዎች የሚመረጡት መቼ ነው?

ብዙ ሰው ድምፅ የሚሰጠው ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ነው፤ የኪራይ ሕግ የሚያወጡት ግን የሚመረጡት በሌላ ጊዜ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምርጫ የሚካሄደው በጎዶሎ ዓመታት ነው፤ ሁሉም 100 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየሁለት ዓመቱ፣ 40ዎቹ ሴናተሮች በየአራት ዓመቱ ለድምፅ ይቀርባሉ። የሜሪላንድ አገረ ገዥ፣ ሕግ አውጪዎች፣ የሞንጎምሪ ኤክስኪውቲቭና የካውንቲው ምክር ቤት የሚመረጡት የፕሬዚዳንት ምርጫ በሌለበት ተጋማሽ (ለሁለት የሚካፈል) ዓመት፣ በየአራት ዓመቱ ነው። በሞንጎምሪ ደግሞ ትክክለኛው ፉክክር በዴሞክራቶች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ያልቃል፤ በዚያ ዙር መምረጥ የሚችለው በፓርቲው የተመዘገበ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ «ገለልተኛ» ብሎ የተመዘገበ ዜጋ ሳያውቀው ከዋናው ውሳኔ ውጭ ይሆናል።

የድምፁ ብዛት ምን ያህል አነስተኛ እንደሚሆን ሁለት ምሳሌ ይበቃል። የኪራይ ጣሪያውን የፈረመው ኤልሪች በ2018 የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነበር፤ በ2022 ያንኑ ተፎካካሪ ያሸነፈው፣ ቆጠራው ተደግሞ፣ በ32 ድምፅ ነው። በቨርጂኒያ በ2017 አንድ የምክር ቤት ወንበር ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ ስላገኙ በዕጣ ተወሰነ። ዕጣው የወጣለት ሪፐብሊካን ስለ ነበር ፓርቲው 51 ለ49 በሆነ ብልጫ ምክር ቤቱን ይዞ ቀጠለ።

ዜጋ ያልሆነ ሰው ምን ማድረግ ይችላል?

ከሚታሰበው በላይ ይችላል። ለካውንቲም ሆነ ለግዛት ምክር ቤት ምስክርነት ለመስጠት፣ ለተወካይ ደብዳቤ ለመጻፍ ወይም የተከራዮች ማኅበር ለማቋቋም ዜግነት አይጠየቅም። ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጡ ትፈቅዳለች፤ ዲሲም በ2024 በአካባቢ ምርጫዎች መፍቀድ ጀምራለች። እዚህ ላይ ግን ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዜጋ ያልሆነ ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ ከሰጠ ወይም ዜጋ ነኝ ብሎ ከተመዘገበ የመኖሪያ ፈቃዱንና የዜግነት ማመልከቻውን አደጋ ላይ ይጥላል። ከመመዝገቡ በፊት ለኢሚግሬሽን የሕግ ባለሙያ ጠይቆ መረዳት ይሻላል።

ቋንቋም እንቅፋት ሊሆን አይገባም። በዲሲ የ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጡባቸው ስድስት ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ ክፍያም የለውም። በሞንጎምሪ ሕጋዊ ያልሆነ ጭማሪ የመጣበት ተከራይ 311 ደውሎ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮን መጠየቅ፣ አስተርጓሚም እንዲመደብለት ማሳሰብ ይችላል።

ለቨርጂኒያ ነዋሪ መንገዱ ይረዝማል። የሪችመንዱ ጉባኤ የሚከፈተው በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ነው፤ በተጋማሽ ዓመታት ለ60 ቀን፣ በጎዶሎ ዓመታት ብዙውን ጊዜ ለ46 ቀን ያህል ይቀመጣል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ አብዛኛው ረቂቅ የሚወድቀው ሙሉው ምክር ቤት ፊት ሳይደርስ፣ ጥቂት አባላት ባሉበት ንዑስ ኮሚቴ ነው፤ ስለዚህ የኪራይ ረቂቅ ተከትሎ መናገር የሚፈልግ ሰው የመጨረሻውን ድምፅ መጠበቅ አይኖርበትም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ኮሚቴዎች ምስክርነት በኢንተርኔትም ስለሚቀበሉ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ ተከራይ ከሥራ ሳይቀር ከስልኩ ሆኖ መናገር ይችላል፤ የሚሰጠው ደቂቃ አጭር ስለሆነ ግን የሊዙን ደብዳቤ፣ የድሮውንና የአዲሱን ኪራይ ቁጥር አስቀድሞ አዘጋጅቶ መቅረብ ይኖርበታል።